የካህን ቤትና የደብር ቤት
(በላስታና በአዳማ ስለ ተሠሩ የካህናት መኖሪያዎች አጭር ጥናት)

መግቢያ

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በምንማርበት ጊዜ በግቢው ውስጥ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ አንድ ቤት ነበረ። ይህ ቤት የማንም ሰው ንብረት አልነበረም። የግቢው ሹም የሆነ ሰው ሁሉ በተራው ይገባበታል፤ ሹመቱን ሲለቅም ቤቱን ለተከታዩ ትቶ ይሄዳል። በመስኮቱ ሥር የነበረችውን ጽጌረዳ አንዱ ተክሏት፣ ሌላው አጠጥቷት፣ ሦስተኛው አበባዋን ሲቀጥፍ አይተናል። እኛ ተማሪዎችም ቤቱን በሰው ስም ጠርተነው አናውቅም፤ በሹመቱ ስም ብቻ እንጠራው ነበር።

ወደ ኮሌጅ ከገባን በኋላ በአውሮፓ ለደብር ካህን የሚሠራው ቤት በሕንፃ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ራሱን የቻለ ስፍራ እንደ ተሰጠው ተረዳን። ከዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ በመካከላችን ተነሣ፤ ይኸውም «በእኛ አገር ይህን የመሰለ ቤት አለን ወይ? ካለን ምን ይመስላል? ከሌለንስ ስለ ምን ሳይኖረን ቀረ?» የሚል ነው። ከመካከላችን አንዱ የካህን ልጅ ስለ ሆነ መልሱ ቀላል መስሎን ነበር፤ ነገር ግን እንዳሰብነው አልሆነም።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። በውጭ አገር በአንድ ጣራ ሥር የተሰበሰበው ነገር በእኛ አገር በሁለት ቤት ተከፍሎ ይገኛል፤ አንደኛው የአገልግሎት ቤት፣ ሁለተኛው የኑሮ ቤት ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው የካህኑን ቤት ከማናቸውም የገበሬ ወይም የከተማ ሰው ቤት ለይቶ ሊያየው አይችልም። ሳይታይም ሲፈርስ ማንም አይቆጨውም።

፩. የደብር ቤት በውጭ አገር

በእንግሊዝ አገር የደብሩን አሥራት በሙሉ የመቀበል መብት ያለው ካህን «ሬክተር» ሲባል፣ የሚኖርበት ቤት «ሬክተሪ» ይባላል። ለካህኑ ከአሥራቱ ሌላ የሚያርሰው ወይም የሚያሳርሰው የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበረው። ቤቱም እንደ መሬቱ የሹመቱ አካል ነው። ካህኑ ሲሞት ወይም ሲዛወር ሚስቱና ልጆቹ ቤቱን ለቀው መውጣት ግዴታቸው ነበር።

ይህ ቤት ከተራ መኖሪያ የሚለየው በውስጡ ሁለት ሥራ ስላለበት ነው። በአንድ በኩል የቤተሰብ መኖሪያ ነው፤ በሌላው በኩል ካህኑ ስብከቱን የሚያዘጋጅበት፣ የጋብቻና የጥምቀት መዝገብ የሚጽፍበት፣ ችግረኛ መጥቶ የሚያነጋግረው ክፍል አለበት። ስለዚህ የቤቱ ፕላን የቤተሰቡን መግቢያና የባለጉዳዩን መግቢያ መለየት ነበረበት። በሃያኛው መቶ ዓመት ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ለጥገናም ለማሞቅም ወጪያቸው ስለ በዛ ተሸጡ፤ ካህናቱም ወደ አነስተኛ ቤት ገቡ። የተሸጡት ግን ዛሬም ቢሆን «የድሮው ሬክተሪ» እየተባሉ ይጠራሉ። ሹመቱ ከቤቱ ወጥቶ ሄዶ ስሙ ቀርቷል ማለት ነው።

፪. ሰሞን መሬትና ሰሞነኛ

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የደብር ቄስ ከክህነቱ በፊት ሚስት ያገባ፣ ልጆችና ጎጆ ያለው ሰው ነው። ለአገልግሎቱ ይሰጠው የነበረው ዋጋ ቤት አልነበረም፤ መሬት ነበረ። ይህም «ሰሞን መሬት» ይባል ነበር። ካህኑ በዚያ መሬት ወይም በአባቶቹ ርስት ላይ ቤቱን በራሱ እጅና በጎረቤቱ ደቦ ይሠራል። ስለዚህ ቤቱ የሰውዬው እንጂ የሹመቱ አይደለም። ባል የሞተባት የቄስ ሚስት አገልጋይ ካላቆመች ሰሞን መሬቱ ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድባት ትሠጋ ነበር፤ ቤቷን ግን ሹመቱ አያስለቅቃትም።

ታዲያ የአገልግሎቱ ቤት የት አለ ቢባል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነው። ካህናት በየሳምንቱ ተራ እየገቡ ያገለግላሉ፤ ተራው የደረሰውም «ሰሞነኛ» ይባላል። በብዙ ደብር በቆየው ልማድ ሰሞነኛው በአገልግሎቱ ሰሞን ከሚስቱና ከመኝታው ተለይቶ በግቢው ያድራል። እንዲህ ከሆነ የደብሩ ካህን ቤት የሚባለው አንድ ሕንፃ ሳይሆን በየቦታው የተከፋፈለ ነው። ኅብስቱና ወይኑ የሚዘጋጅበት ቤተ ልሔም አለ። ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው የሚቀመጡበትና የሚመገቡበት ደጀ ሰላም አለ። ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ የሚጠበቁበት ዕቃ ቤት አለ። ከነዚህም ሌላ የአብነት ትምህርት ባለበት ደብር የቆሎ ተማሪዎች በቅጽሩ ዙሪያ የሚቀልሷቸው ትንንሽ ጎጆዎች አሉ። አንድ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ሲሄድ ጎጆዋን ለሚተካው ትቶለት ይሄዳል። እንግዲህ በአገራችን ከሰው ወደ ሰው በአገልግሎት ምክንያት የሚተላለፈውን ቤት ስንፈልግ ከሁሉ አስቀድሞ የምናገኘው በዚህች እጅግ በምታንሰው ጎጆ ነው።

፫. አቡን ቤትና እጨጌ ቤት

ለሹመት የተለየ ታላቅ ቤት ፈጽሞ አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም። በጎንደር ከተማ ዛሬም «አቡን ቤት» እና «እጨጌ ቤት» የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። ጎንደርን ዐፄ ፋሲል በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መናገሻ ካደረጓት በኋላ ጳጳሱና እጨጌው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ግቢና ሰፈር ነበራቸው። የእጨጌው ሰፈር የመማጠኛ ቦታ ነበር። ተበድሎ ወይም በድሎ የሸሸ ሰው ወደዚያ ከገባ አይነካም፤ በጦርነትም ጊዜ ሕዝቡ ገንዘቡን በዚያ ያስቀምጥ ነበር።

እነዚህ ሁለቱ የሹመት ቤት ያገኙበትን ምክንያት ስናስብ የጥናታችን ሐሳብ ይበልጥ ይገለጻል። ጳጳሱ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከግብፅ የሚመጡ መነኩሴ ነበሩ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፓትርያርክ የሆኑት በ1951 ዓ.ም. ነው። ከውጭ የመጣ መነኩሴ በአገሩ ርስት የለውም፤ ሚስትና ልጅም የለውም። እጨጌውም መነኩሴ ናቸው። ስለዚህ ለነዚህ ቤት የሚሰጣቸው ሹመታቸው ብቻ ነበር። ርስትና ጎጆ ያለው የደብር ቄስ ግን ይህ አላስፈለገውም። የሚሲዮን ሰዎችም በአገራችን ግቢ ሲሠሩ ለሠራተኛው ቤት አብረው የሚሠሩት ስለ ተመሳሳይ ምክንያት ይመስለናል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ማደሪያ ከሹመቱ ጋር ሊሰጠው ይገባልና።

፬. የላስታ ድርብ ቤት

ከገጠሩ ካህን መኖሪያ ሁሉ በአሠራሩ የሚደነቀውና በሰፊው የታወቀው በላሊበላ የሚገኘው ባለሁለት ደርብ ክብ ቤት ነው። እንግዳ ሁሉ ከአለት የተፈለፈሉትን አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ወደ ላሊበላ ይሄዳል። በአጠገባቸው ያሉትን ቤቶች ግን ልብ ብሎ የሚያያቸው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓብያቱ በዓለም ቅርስ መዝገብ በተጻፉ ጊዜ ግን እነዚህ ቤቶችም አልተዘነጉም፤ የውጭ ጸሐፊዎች ጎጆን በሚጠሩበት ቃል «የላስታ ቱኩል» ተብለው ተጠቅሰዋል። ከነዋሪዎቻቸውም መካከል ካህናትና ደባትር ነበሩበት።

የቤቱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ በመካከል ችካል ተተክሎ በገመድ ክቡ ይለካል። ግድግዳው የአገሩ ቀይ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን የሚያያይዘው ጭቃ ነው። ከፍ ባለው ደጋ ቁር ስላለ ግድግዳው ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ታችኛው ክፍል ለከብትና ለዕቃ ይሆናል። ቤተሰቡ የሚኖረው በላይኛው ሲሆን፣ መውጫው በውጭ ግድግዳውን ተጠግቶ የተሠራ የድንጋይ ደረጃ ነው። ከበላዩ ጣራው በሳር ይከደናል።

ይህ አሠራር ለምን እንደ ተመረጠ ስናስብ ሦስት ምክንያት ይታየናል። የመጀመሪያው ቦታው ነው። መንደሩ በተዳፋት ላይ ስለ ሆነ ወደ ጎን ከመስፋት ወደ ላይ መውጣት ይቀላል፤ በተዳፋትም ላይ ታችኛውና ላይኛው ደርብ እያንዳንዳቸው ከየመሬታቸው ጋር በቀላሉ ይገናኛሉ። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ከታች የሚያድሩት ከብቶች ትንፋሽ ላይኛውን ወለል ያሞቀዋል። ሦስተኛው ንጽሕናና ጥበቃ ነው። እህሉ፣ ልብሰ ተክህኖውና መጽሐፉ ከእርጥበትም ከአይጥም ርቆ ከላይ ይቀመጣል። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ በግድግዳው ላይ ከተተከለ ኩላብ ይንጠለጠላል እንጂ በመሬት አይቀመጥም። ይህ ልማድ በአዳማም ስንደርስ እንደገና ይገጥመናል።

ባለፉት አሥርተ ዓመታት ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ከቤቶቹም የተወሰኑት ለመታሰቢያ እንዲቆዩ ተደረገ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የሳር ክዳን ዕድሜ የሚኖረው ከሥሩ እሳት ሲነድ ነው፤ ጭሱ ነቀዙንና እርጥበቱን ያባርራል፤ ባለቤቱም ጥቂት ሳር በጎደለ ቁጥር ይተካል። ሰው ከወጣበት ቤት ግን ጢሱ ይቀራል፤ ክዳኑ ይበሰብሳል፤ ውኃ በግድግዳው ራስ ገብቶ ጭቃውን ያጥበዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቤት ለመጠበቅ ድንጋዩን መጠበቅ ብቻ አይበቃም። የሚያነድለትም ሰው ያስፈልገዋል።

፭. ከክብ ወደ አራት ማዕዘን፤ አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አሁን ከላስታ ደጋ ወርደን ወደ ስምጥ ሸለቆው እንምጣ። አዳማ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስሟ ከኦሮምኛው «አዳሚ» ማለትም ከቁልቋል ዛፍ የመጣ ነው ይባላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ቆይታ በ1992 ዓ.ም. በቀድሞ ስሟ መጠራት ጀመረች። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ካሉት ጥንታውያን ገዳማት በቀር፣ በዚህ አካባቢ ያሉት የከተማ አጥቢያዎች አብዛኞቹ ከከተሞቹ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ከተሞቹም ያደጉት በባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አዋሽን፣ መተሐራን፣ ወለንጪቲን፣ አዳማን፣ ሞጆንና ቢሾፍቱን በአንድ መስመር አያያዛቸው።

ከደጋው ወደዚህ የመጣው ካህን የሚያውቀው ክብ ቤት ነው። በዙሪያው ያገኘው የኦሮሞ ገበሬ ቤትም ክብ ነበረ። ይሁን እንጂ በከተማው የተሠራው የካህን ቤት አራት ማዕዘን ሆነ። ይህ ለውጥ በአሳብ መለወጥ ብቻ የመጣ አይመስለንም፤ ሦስት ነገሮች አስገድደውታል።

የመጀመሪያው ቆርቆሮ ነው። ባቡሩ ቆርቆሮና ሚስማር ይዞ መጣ። የቆርቆሮው ቅጠል ራሱ አራት ማዕዘን ነው፤ በክብ ጣራ ላይ ልምታህ ቢሉት በየጫፉ መቆረጥ አለበት፤ የተቆረጠውም ይባክናል። በአራት ማዕዘን ቤት ላይ ግን ሳይቆረጥ ይመታል። ገንዘብ ያጠረው ካህን ይህን ማስላት አያቅተውም።

ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የተስፋፋው ይህ ዛፍ፣ ስሙም እንደሚያስረዳው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ቀጥ ያለ ግድግዳ ለማቆም ይመቻል። እንደ ወይራና እንደ ጽድ ግን ምስጥን አይችልም። የስምጥ ሸለቆ መሬት ደግሞ ምስጥ የሚበዛበት ነው። ስለዚህ ሠሪው ከመሬት የሚገባውን የቋሚውን ጫፍ በእሳት ያከስለዋል ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ሰው በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. በከተማይቱ አጠገብ የተመረቁትን 51 እና 153 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጩ የተተከሉትን የነፋስ ማመንጫዎች ቢያይ ይበቃዋል። ይህ ነፋስ የሳር ክዳን ይነቅላል፤ በተጨናነቀ ሰፈርም የእሳት ፍንጣሪ ከአንዱ ጣራ ወደ ሌላው ይወስዳል። ቆርቆሮም ቢሆን በደንብ ካልተመታ ይገነጠላል፤ ስለዚህ ሰዎች በላዩ ድንጋይ ይጭኑበታል።

ግድግዳው ግን እንደ ቀድሞው ጭቃ ሆኖ ቀረ። ቋሚዎቹ ተቀራርበው ይተከላሉ፤ በአግድም ማገር ይታሰርባቸዋል። ቀድሞ በልጥ ይታሰር የነበረው ኋላ በሚስማር ሆነ። አፈሩ ተቆፍሮ ከጤፍ ጭድና ከውኃ ጋር በእግር ይረገጥና ለጥቂት ቀናት ይቦካል። ሲቦካ ጭዱ ይለሰልሳል፤ ጭቃውም ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጭዱ ይይዘዋል። መጀመሪያ ወፍራሙ ምርጊት ይመረጋል፤ ከደረቀ በኋላ በእበት የተለወሰው ቀጭን ልስን ይከተላል። ይህ ግድግዳ ለቆላው አየር የተስማማ ነው፤ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ማታም ቀስ ብሎ ይለቃል። ጉዳቱ ከላይ ነው፤ ቆርቆሮው ቀትር ላይ እንደ ምጣድ ይግላል። ለዚህም በአቡጀዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ይሠራለታል።

፮. የተመለከትነው ቤት

ይህን ሁሉ በቃል ከሰማን በኋላ በአዳማ አንድ አሮጌ የካህን ቤት አይተናል። ባለቤቲቱ የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ የመነኮሱ እማሆይ ናቸው። ቤቱን ባላቸው በ1950ዎቹ እንደ ሠሩት ነገሩን። ሁለት ጊዜ ሄደን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሜትር ስላልያዝን በክንድ ለካን፤ ርዝመቱ አሥራ አራት ክንድ፣ ወርዱ አሥር ክንድ ሆነ።

በፊት ለፊቱ በር ሲገቡ የእንግዳ ክፍል ይገኛል። በሁለቱ ግድግዳ ሥር የጭቃ መደብ ተሠርቶ ቁርበት ተነጥፎበታል። የማኅበር ጽዋ ሲደርስ ሰው የሚቀመጠው፣ የንስሐ ልጆችም መጥተው የሚጠብቁት በዚህ ነበር። ከዚያ በስተ ጀርባ የቤተሰቡ መኝታና ጓዳ አለ። ማድ ቤቱ ለብቻው በጓሮ ነው። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሁለት የእንጨት ኩላቦች ተተክለዋል። አንደኛው ባዶ ነበረ፤ በሁለተኛው አሮጌ የቆዳ ማኅደር ተንጠልጥሎበታል። በላስታ ደጋ ያለው ልማድ እዚህም ነበረ ማለት ነው።

ከሁሉ ያስገረመን ግን በቤቱ ጥግ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር የላትም፤ በሯ በውጭ ብቻ ነው። የዶሮ ቤት ወይም የዕቃ ማስቀመጫ መስላን ስንጠይቅ እማሆይ እንዲህ አሉን፤

«አይ ልጆቼ፣ እሷ የቄሱ ናት። ቅዳሴ ሊገቡ ሲሉ እዚያ ነበር የሚያድሩት። ያኔ በግቢው ማደሪያ ገና አልነበረም። በሩም በውጭ የሆነው ልጆቹን ሳይቀሰቅሱ ሌሊት እንዲወጡ ነው። እኔም ከዚህ ሆኜ በሩ ሲንቋረር እሰማለሁ፤ እንግዲህ ሄዱ እላለሁ።»

ይህን በሰማን ጊዜ ስንፈልገው የነበረውን ነገር እንዳገኘን ዐወቅን። በገጠር በሁለት ግቢ ተለያይቶ የነበረው የሰሞነኛው ማደሪያና የኑሮው ቤት በአዲሱ ከተማ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ተገናኝቷል። ቢሆንም በመካከላቸው በር አልተከፈተም። ሕጉ እንደ ተጠበቀ ነው። የእንግሊዙ ካህን ቤት በሁለት መግቢያ የባለጉዳዩንና የቤተሰቡን መንገድ ሲለይ፣ የአዳማው ካህን ቤት በሁለት መግቢያ አገልግሎቱንና ኑሮውን ለየ። ይህን በአንድ ቤት ብቻ ስላየን ለሁሉ የሚሆን ሕግ አናወጣበትም። ነገር ግን ከእንግዲህ በውጭ ብቻ የሚከፈት ጠባብ ክፍል ያየ ሰው «የዶሮ ቤት ነው» ብሎ ሳይጠይቅ እንዳያልፍ እንለምናለን።

በሦስተኛው ጊዜ ሜትር፣ ወረቀትና ፎቶግራፍ ማንሻ ይዘን ስንሄድ ቤቱ ፈርሶ አገኘነው። ልጆቻቸው በቦታው የብሎኬት ቤት ሊሠሩ መሠረት አስቆፍረዋል። እማሆይም ከአንዲት ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ማንንም አንወቅስም፤ ምስጥ የበላውን ቤት አፍርሶ ለእናት የተሻለ ቤት መሥራት የልጅ ወግ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። የጣራውን ከፍታ አልለካንም፤ የትንሿን ክፍል ወርድም «በሚቀጥለው ጊዜ» ብለን ትተነው ነበር። ዛሬ ፕላኑን ስንስል በዚያ ቦታ ቁጥር አልጻፍንም።

፯. ሹመቱ ሲወጣ ቤቱ ምን ይሆናል?

የካህናት መኖሪያ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ዕድል ገጠመው። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ጨምሮ፣ የመንግሥት ሲያደርግ የሰሞን መሬት ሥርዓት ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ የሚከራዩት ትርፍ ቤቶች ግን ወደ መንግሥት ሄዱ፤ ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነውም በቀበሌ ሥር ሆነ።

እዚህ ላይ ያ የሁለት ቤት ሥርዓት ምን እንደ ጠቀመ ይታያል። የእማሆይን ቤት የመሰለው የካህኑ የራሱ መኖሪያ ስለ ነበረ ለቤተሰቡ ቀረ። የሹመት ቤት ግን የሹመቱን ዕጣ ይከተላል። ለዚህ በአዳማ ምሳሌ አለ። የሜኖናይት ሚሲዮን በ1938 ዓ.ም. በከተማይቱ ሆስፒታል ከፍቶ ነበር፤ ይህም የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል የተባለውና ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሆነው ነው። በኋላም የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ የሚባል ትምህርት ቤት አቋመ። ከሚሲዮኑ ሥራ የተነሣችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ንብረቷ በመንግሥት ተወረሰ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሹሙ የሚኖርበት ቤት ከሹሙ ጋር ይሄዳል። ሌላ ሥራ ይገባበታል፤ ክፍሎቹ ለምን እንደዚያ እንደ ተሠሩም የሚናገር ሰው አይቀርም።

ዛሬ ካህኑ በሰበካ ጉባኤ በኩል ከምእመናን በሚሰበሰበው ገንዘብ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው። በብዙ ከተማ በቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ የሚከራዩ ሱቆች ተሠርተዋል። መሬቱ ይሰጥ የነበረውን ገቢ ዛሬ በከፊል የሚሰጠው ይህ የአጥር ሱቅ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የደብሩን ሕንፃዎች የሚያጠና ሰው ሱቆቹንም ጨምሮ ቢለካ አይሳሳትም።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነውን በአጭሩ ስንሰበስበው፣ የካህን ቤት በአገራችን የተለየ ጌጥ ወይም የተለየ ቅርጽ የለውም። በላስታ የላስታን ቤት ይመስላል፤ በአዳማ የአዳማን ቤት ይመስላል። ልዩነቱ ያለው በአቀማመጡ ነው፤ ከቅጽሩ ባለው ርቀት፣ በመደቡ ርዝመት፣ መጽሐፉ በሚንጠለጠልበት ግድግዳ፣ በሌሊት በሚከፈተው በር ነው። እነዚህ ነገሮች በውጭ ሆኖ ለሚያይ አይታዩም። ባለቤቱ ካልነገረን በቀር የአንዱንም ትርጓሜ አናገኝም። የጭቃ ቤት እንደ አለት ቤተ ክርስቲያን ስምንት መቶ ዓመት አይጠብቀንም፤ የሠራውን ሰው ዕድሜ ያህል እንኳ ላይቆይ ይችላል።

ስለዚህ በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ተማሪዎች ሁሉ በአጥቢያችሁ አንድ የካህን ቤት እንድትለኩ እናሳስባለን። መጻፍ የሚገባው አምስት ነገር ነው፤ ማን ሠራው፣ በምን ሠራው፣ በሩ ወዴት ይከፈታል፣ በየክፍሉ ማን ያድር ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ስንት እርምጃ ይርቃል። መምህራኖቻችንም የተሰበሰበው ማስታወሻ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ስፍራ እንዲያገኝ ቢረዱን ሥራው ለተከታዮቻችን ይተርፋል።

በተረፈ ከእኛ ስሕተት ተምሮ ለመሥራት ለሚነሣ ጓደኛችን የምንሰጠው ምክር አንድ ነው፤ ሜትሩን በመጀመሪያው ቀን ይዞ ይሂድ።